በአንድ ክፍክፍ ሥር

ኢኒድ ቦሬት በታናሽ እህቷ ላይ ለማዘጋጃ ቤት ያሳበቀችው በመስኮት የተነሳ ነው። መስኮቱ ነጭ ፕላስቲክ ነበር። ቴልማ የበሰበሰውን የእንጨት መስኮት አስነቅላ እሱን ባስገጠመች ማግስት ኢኒድ ካፖርቷን ደርባ ወጣች። መንገዱ ላይ ቆማ፣ የሽማግሌ አፍ ውስጥ አንዲት አዲስ ጥርስ ያየች ይመስል ፊቷን አጨፍግጋ አየችውና ተመልሳ ገብታ ስልኩን አነሳች።

ቤቱ አንድ ነው። በሸልፍሃም መንደር ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር ተጎልቷል። የሣር ክዳኑ እንደ ከባድ ቆብ እስከ መስኮቶቹ ቅንድብ ወርዷል። አጥንቱ ባሉጥ የሚባል ጠንካራ እንጨት ነው፤ በምሰሶና በምሰሶ መካከል ማገር ተማግሮ፣ በጭቃና በገለባ ተመርጎ፣ በኖራ ተለቅልቋል። ምስማር አያውቅም። እንጨቱ ከእንጨት ጋር በእንጨት ችንካር ተቆላልፎ፣ ከዘመን ብዛት ጎብጦና ተንጋዶ፣ እንደ አሮጌ ባልና ሚስት ተደጋግፎ ቆሟል። መንግሥት በቅርስነት ስለመዘገበው ያለ ፈቃድ ከላዩ አንዲት ችንካር መንቀል እንኳ ያስከስሳል።

አባታቸው ሲረል ሲሞት ቤቱን ለሁለቱም ሴት ልጆቹ ተወላቸው። ይህ ነው እንግዲህ የጠቡ ሥር። ሽማግሌው አልጋ ላይ ከወደቀ ጀምሮ ያጠበችው፣ ያገላበጠችው፣ ሾርባ በማንኪያ ያጎረሰችው ኢኒድ ናት። ትዳርም ወጣትነትም በዚያው አለፋት። ቴልማ ኢፕስዊች ከተማ ባል አግብታ ስትኖር ለገና ካርድ ትልክ ነበር። ኑዛዜው ሲነበብ ግን ግማሽ ለግማሽ ሆነ። ቴልማም ባሏን ሮይንና የሲሚንቶ ከረጢቶቹን ጭና መጣች። እህትማማቾቹ ወዲያው በቤቱ መሐል የጣውላ ግድግዳ አስቆሙ። ሮይ በበኩሉ የሚስቱን ድርሻ የውጭ ግድግዳ በሲሚንቶ ለሰነው። «አሁን እንደ ባንክ ቤት ጠነከረ» እያለ በመዳፉ ይመታው ነበር። ሮይ ግዙፍና ግልፍተኛ ሰው ስለነበር እሱ በሕይወት ሳለ ኢኒድ ትንፍሽ አላለችም። እሱ ከሞተ በኋላም ሲሚንቶው ባለበት ቀረ።

ኢኒድ አንድ መጽናኛ ነበራት። አባቷ በልጅነታቸው «ቤቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው» እያለ የሚያሳያቸው የእሷን ወገን ነበር። ክፍሎቹ ሰፊ፣ የጣራው አግዳሚዎች ወፋፍራም ናቸው። የቴልማ ወገን፣ እንደ አባቷ አባባል፣ ድሮ የከብት በረት የነበረ ተቀጽላ ነው። ስለዚህ ኢኒድ ሰው ስለ እህቷ ሲጠይቃት «በረቱ ውስጥ ናት» ትል ነበር። ቴልማ ይህን ታውቃለች። የጣውላው ግድግዳ ድምፅ አይዝም።

ከማዘጋጃ ቤቱ የመጣው የቅርስ ባለሙያ ኦስለር ይባላል፤ በብስክሌት የሚሄድ ቀጭን ወጣት ነው። ቴልማ በሩን ከፈተችለትና ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው።

«እሷ ናት አይደል የጠራችህ?»

«ጥቆማ የሰጠንን ሰው ስም አንናገርም፣ ወይዘሮ።»

«አትንገረኝ። ከመጋረጃዋ ጠርዝ አፍንጫዋ ይታየኛል።»

ኢኒድ ከመስኮቷ ኋላ አፍንጫዋን ሰበሰበች።

ኦስለር መስኮቱን አየና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፤ ጎንበስ ብሎ ሥሩን በቢላ ወጋ አደረገው። ፊቱ ተለዋወጠ።

«መስኮቱስ ቀላል ነው» አለ። «ይኼ ሲሚንቶ ነው ቤቱን እየገደለው ያለው። የድሮው ኖራ ውሃ ሲገባበት መልሶ ያወጣል፤ ሲሚንቶ ግን የገባውን አያስወጣም። ውስጥ ያለው እንጨት እርጥብ ካልሲ ውስጥ እንዳለ እግር ሆኗል ማለት ነው። ሁሉም መላጥ አለበት።»

«ሮይ ነው በእጁ የለሰነው» አለች ቴልማ። ድምፅዋ ወረደ። «ባሌ ነው።»

«አዝናለሁ።»

«አታዝን። ሰው ቤቱን ማጠንከሩ ወንጀል ነው እንዴ በዚህ አገር?» ከዚያ ወደ ኢኒድ መስኮት ዞራ ጮኸች፦ «ደስ አለሽ? የሞተ ሰው ከሰስሽ! ጨርሰሽ መቃብሩንም አታስፈትሺውም? ምናልባት ፕላስቲክ ይኖርበት ይሆናል!»

ኢኒድ ደስ ብሏት ነበር። ሻይዋን ቀዳች፤ ዳቦዋ ላይ ቅቤ ወፍራም አድርጋ ቀባች። ስንት ዓመት ስትጠብቀው የነበረ ነገር ነው የደረሰላት።

በመንደሩ ግን ነገሩ አላስመሰገናትም። በሱቅም በመጠጥ ቤትም ወሬው ያ ነበር፤ እህት በእህቷ ላይ ሕግ መጥራቷን ሰው አልወደደላትም። ባለሱቋ ወይዘሮ ዴብናም ሰላምታዋን አሳጥራ «ምን ልስጥሽ፣ ኢንስፔክተር?» ማለት ጀመረች። ኢኒድ «ሕግ ሕግ ነው» ብላ ወተቷን አንጠልጥላ ወጣች።

በበጋው አናጢው ሄክተር ጋሮድ መጥቶ ሲሚንቶውን መላጥ ጀመረ። ቴልማ ወንበር አውጥታ ሣሩ ላይ ተቀምጣ እያንዳንዱ ቁራጭ ሲወድቅ ታያለች። ኢኒድ በበኩሏ የተከረከመ አጥር በመከርከም ሰበብ ከወዲያ ሆና ታያለች። ግድግዳው ሲገለጥ ሄክተር መዶሻውን አስቀምጦ አፏጨ። ምሰሶዎቹ የሚያርፉበት የተጋደመው ግንድ እንደ እርጥብ ትምባሆ ተፈርፍሮ በእጅ ይታፈሳል። የማዕዘኑ ምሰሶ እግሩ በስብሶ አልቋል፤ መሬት አይነካም፤ ተንጠልጥሏል።

«ምን ይዞት ነው እስካሁን የቆመው?» አለች ቴልማ ደንግጣ።

«ልማድ» አለ ሄክተር።

ኢኒድ ከአጥሩ ማዶ ሳቀች። መሳቅ አላሰበችም፤ አመለጣት።

ቴልማ ከወንበሯ ተነሳች። «ሳቂ! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች! የዚያኛው ጫፍ ቢወድቅ የአንቺስ ጣራ ሰማይ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል?»

«የእኔ ወገን ሲሚንቶ አልጠጣም። በረትሽ ነው የበሰበሰው።»

«በረት ውስጥ የሚኖር ሰው ቢያንስ ሽታው የከብት መሆኑን ያውቃል። የአንቺ ቤት ምን እንደሚሸት ማንም አያውቅም!»

ሄክተር የብረት ድጋፎቹን ሊያመጣ ሄደ። በሁለቱ መካከል መቆም የሚወድ ሰው አልነበረም።

ጥቂት ቆይቶ ኦስለር ቆጡን ማየት ፈለገ። ጣራው ከውስጥ ከጫፍ ጫፍ ክፍት ነው፤ መሐሉ ላይ ትልቁ የጡብ ጢስ ማውጫ ሁለቱንም ቤት እያገለገለ ሽቅብ ይወጣል። ወደ ቆጡ መውጫው ቀዳዳ ያለው ግን በኢኒድ ወገን ብቻ ነው። ኢኒድ ለእንግዳው ሻይ አፈላች፣ ኬክ ቆረሰች፣ መሰላሉን ራሷ አቆመች። እሱ ሲወጣ ተከትላው ጭንቅላቷን በቀዳዳው አስገባች። ምስጋናውን በጆሮዋ መስማት ፈልጋለች።

ኦስለር የእሷን ወገን ወራጆች በባትሪ እያየ አለፈ። «ንጹሕ ናቸው» አለ። እሷም «አባቴ ቤቱ ከዚህ ይጀምራል ይል ነበር» አለችው። በጢስ ማውጫው ጥግ ተሹለክልኮ ወደ ቴልማ ወገን ገባ። የእግሩ ኮቴ ቆመ።

«ሚስተር ኦስለር? ወደቁ እንዴ?»

«አልወደቅኩም» አለ። ድምፁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚናገር ሰው ድምፅ ነበር። «ሚስ ቦሬት፣ ጥቁር ነው። ወራጁ፣ ማገሩ፣ የሣሩ ውስጠኛ ንብብር፣ ሁሉም እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። ጥቀርሻ ነው! ይህ ቤት ሲሠራ ጢስ ማውጫ አልነበረውም። እሳቱ ወለሉ መሐል ላይ ይነድ ነበር፤ ጢሱ በጣራው ውስጥ ተንከራትቶ በሣሩ በኩል ይወጣል። ይህ አዳራሹ ነው። ቤቱ ይህ ነው። እዚህ ላይ ያለው ሣር ራሱ ያኔ የተከደነ ነው፤ ከላይ ከላዩ እየደረቡበት መጡ እንጂ ማንም አላወረደውም።»

«የት ነው እዚህ?»

«የእህትዎ ወገን።»

ኢኒድ የመሰላሉን ጎን ጨበጠች። «ያ በረት ነው።»

«አይደለም። እንዲያውም...» ኦስለር ወደ እሷ ወገን ተመለሰና ባትሪውን አበራ። ከደስታው ብዛት ፊቷን አላየም። «የእርስዎ ወገን እንጨት ጥቀርሻ አልነካውም፤ እሳቱ ከጠፋና ጢስ ማውጫው ከተሠራ በኋላ የተቀጠለ ነው። መኖሪያ ሆኖ እንዳልተሠራም ያስታውቃል፤ ይኸው፣ የገለባ መወርወሪያ በር የነበረበት ቦታ። ከብት የታሰረው እዚህ ሳይሆን አይቀርም።»

«ውረድ» አለች ኢኒድ። እስከዚያች ሰዓት «እርስዎ» ስትለው ነበር። «ውረድ ከቤቴ። ባትሪ ይዞ ሰው ቆጥ ላይ የወጣ ሁሉ አዋቂ ነኝ ይላል።»

ያኔ ከታች፣ ከቴልማ ኮርኒስ ሥር፣ ሳቅ ተሰማ። ቴልማ ሁሉንም ሰምታዋለች። እስክታስላት ሳቀች፤ ካሳላት በኋላም ሳቀች።

ኦስለር ከቀዳዳው ሲወርድ አንድ ነገር ትዝ አለውና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሚስ ቦሬት፣ ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ አለ። ጢስ ማውጫው እላይ ሣሩን በሚነካበት ላይ ጡብ ወድቆ አፉን ከፍቷል። በእህትዎ ምድጃ በኩል ነው። ግንበኛ መጥቶ እስኪጠግነው እሳት እንዳያነዱ። አንዲት ብልጭታ ትበቃለች።» ሄዶ የቴልማን በር አንኳኳ፤ አልከፈተችለትም። «ለማዘጋጃ ቤት ሞታለች በሉት!» የሚል ድምፅ ብቻ ከውስጥ መጣ። ተመልሶ ለኢኒድ «እባክዎን እርስዎ ይንገሩልኝ፤ ዛሬውኑ» አላት። ኢኒድ እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ልትነግራትም ሄዳ ነበር። ይህን ለራሷ ደጋግማ ስታስበው እውነት ነው። አመሻሹ ላይ ቂሟን ውጣ፣ መጎናጸፊያዋን ደርባ፣ እስከ እህቷ በር ደርሳ እጇን ለማንኳኳት አንስታለች። በዚያው ቅጽበት ከውስጥ፣ ረዥምና የተሳካለት ድምፅ መጣ፦

«እምቧዋዋ!»

ኢኒድ እጇን አወረደች።

«ማናት? ከበረት የመጣች እንግዳ ናት?» አለች ቴልማ በሩን ሳትከፍት። «ገለባው አልቆብሽ ነው?»

ኢኒድ ተመለሰች። በጋ ነው፤ እሳት ማን ያነዳል? ነገ እነግራታለሁ አለች። ነገም እምቧ። ከነገ ወዲያም እምቧ። ቴልማ ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሳ መጀመሪያ የምታደርገው በጣውላው ግድግዳ ላይ አፏን አድርጋ እምቧ ማለት ሆነ። ሰው ስድሳ ዓመት አልፎት እንዲህ ሲጫወት ያስቃል፤ ኢኒድን ግን ውስጥ ውስጡን በላት። በዚያ ቤት አባቷን ያስታመመችው፣ ዕድሜዋን የሰጠችው፣ ቤቱ ከእሷ ስለሚጀምር ነበር። አሁን ከእሷ የሚጀምር ነገር የለም። ወሬው መንደሩን ሁሉ ስላዳረሰ ሱቅ ስትገባ ሰዎች ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቅ ይይዛሉ።

ክረምት ሲቃረብ የሄክተር ሥራ እያለቀ ነበር። አዲስ ግንድ ተጋድሟል፣ ምሰሶው አዲስ እግር ተቀጥሎለታል፣ ግድግዳው በኖራ ነጥቷል። በፕላስቲኩ ፋንታ በባሉጥ ክፈፍ ላይ ትንንሽ መስተዋቶች በቀጭን የእርሳስ ብረት የተያያዙበት መስኮት ገብቷል። ግንበኛው ብቻ ሌላ ሥራ ይዞት ዘግይቷል።

በጥቅምት አንድ ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ኢኒድ የቤተ ክርስቲያኑን አበቦች አስተካክላ ስትመለስ ከጣራው ላይ ጢስ ሲወጣ አየች። ቀኑ የዓመቱ የመጀመሪያ ብርዳም ቀን ነበር፤ ቴልማ እሳት አንድዳለች። ኢኒድ የአጥሩን በር ይዛ ቆመች። ጢሱ ቀጥ ብሎ፣ ሰላማዊ ሆኖ ይወጣል። «እንዲያው ምንም አይሆንም» አለች። «ስንት ዘመን የቆየ ጢስ ማውጫ ነው።» ገብታ ሻይ ጣደች።

ከራሷ በላይ የሆነ ነገር ሲንሸራተት ሰማች፤ ደረቅ ቅጠል ላይ አይጥ የሚሄድ ይመስላል። መዳፏን የጢስ ማውጫው ግንብ ላይ አደረገች። ያቃጥላል። መሰላሉን አቆመች፣ ወጣች፣ ክዳኑን ገፋ አደረገች። ጡቡ አጠገብ ሣሩ ውስጥ ቀይ መስመር ይሄዳል፤ እንደ ትል ቀስ ብሎ ይሄዳል።

ከመሰላሉ እንዴት እንደወረደች አታውቅም። እሳት አደጋ ደውላ፣ ባዶ እግሯን የእህቷ በር ላይ ደረሰችና በሁለት ቡጢዋ ደበደበችው።

«ቴልማ! ክፈቺ! እሳት!»

«ሣር ካማረሽ ከመንገዱ ማዶ መስክ አለልሽ!»

«ጣራው እየነደደ ነው እኮ የምልሽ!»

«ዛሬ ደግሞ ለማን ከሰስሽኝ? ለእሳት አደጋ?»

«አንቺ ደንቆሮ፣ ትሞቻለሽ! ውጪ!»

«እምቧ!» አለች ቴልማ።

ኢኒድ ዙሪያዋን አየች። የሄክተር አካፋ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር። አነሳችውና ራሷ በሕግ ያስገጠመችውን አዲስ መስኮት በሙሉ ኃይሏ መታችው። እርሳሱ ታጠፈ፣ መስተዋቱ ወደ ውስጥ ረገፈ። ደገመችው፤ ክፈፉ ተገነጠለ።

ቴልማ ፊቷ በርበሬ መስሎ ብቅ አለች። «አበድሽ! አሁን ማን ነው ቅርስ የሚያፈርሰው? ዛሬ ነው የማሳስርሽ! ፖሊስ...»

አልጨረሰችውም። ከበስተኋላዋ፣ ከኮርኒሱ ስንጥቅ፣ ወፍራም ቢጫ ጢስ እንደ መጋረጃ ይወርድ ነበር። ዞራ አየችው። ወደ በሩ በመሄድ ፋንታ ወደ ጓዳው ልትሮጥ ተነሳች፤ ምን ልታድን እንደነበር ኋላም አልተናገረችም። ኢኒድ በመስኮቱ ገብታ ሹራቧን ከኋላ ጨመደደችው። ቴልማ በጥፊ መታቻት። ኢኒድ ፀጉሯን ይዛ ጎተተቻት፤ ተጎታትተው፣ ተቧጭረው፣ እየተሰዳደቡ በመስተዋቱ ስብርባሪ ላይ አልፈው ወጡ። ሣሩ ላይ ሲወድቁ ከላያቸው ክፍክፉ ጢስ ይተፋ ጀመር።

የእሳት አደጋ ሰዎች ደርሰው በረዥም ሜንጦ ሣሩን እየቦጨቁ አወረዱ። የሣር ጣራ እሳት ግን ከውስጥ ለውስጥ ይሄዳል፤ እዚህ ሲያጠፉት እዚያ ይተነፍሳል። ነፋሱ ደግሞ ወደ ኢኒድ ወገን ገፋው። አመሻሹ ላይ የእሷ ጣራ በአንድ ጊዜ ቁጭ አለ፤ ፍንጣሪው ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል በላይ ወጣ። የአዳራሹም ሣር ሄደ። አጥንቱ ግን ቆመ። ያ ጥቁር ባሉጥ ውሃ እያንጠባጠበ፣ እየጨሰ፣ ሰማይ ላይ ተገትሮ ቀረ።

መንደሩ ሁሉ መንገዱ ላይ ተሰብስቧል። ኦስለር ብስክሌቱን ጥሎ እየሮጠ ሲመጣ ቴልማ ከለበሰችው ብርድ ልብስ ውስጥ ተፈናጥራ ተነሳች።

«አንተ ነህ! ግድግዳዬን ገለጥክ፣ መስኮቴን ነቀልክ፣ ቆጤ ላይ ወጥተህ ጥቀርሻ ስታደንቅ ዋልክ፤ ጢስ ማውጫው መቀደዱን አላየህም? ዓይንህ የት ነበር?»

ሰዉ አጉረመረመ። ኦስለር አፉን ከፈተ፤ «አይቻለሁ፤ ደብዳቤም...» አለ።

«የአንተን ደብዳቤ ማን ያነባል! በአፍህ አትናገርም?»

ኦስለር ኢኒድን አያት። ከዚያ ዞሮ ብስክሌቱን ከመንገዱ አነሳ። ወጣቱ ሊያጋልጣት አለመፈለጉ ገባት። ዝም ብትል ሁሉ ነገር በእሱ ላይ እንደሚቀር፣ የማዘጋጃ ቤትን ሰው ለመጥላት ደግሞ መንደሩ ምክንያት እንደማያጣ አወቀች።

«ነግሮኛል» አለች። «ንገሪያት ብሎኝ ነበር። በበጋ።»

ቴልማ ቀስ ብላ ዞረች። «ለእኔ?»

«ለአንቺ። አልነገርኩሽም።»

«ዛሬ እሳት ሳነድስ? አይተሻል?»

«ጢሱን አይቻለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ሻይ ጣድኩ።»

የውሃ ቧንቧው ያፏጫል። «ለምን?» አለች ቴልማ፤ የእውነት ጥያቄ ነበር፤ ስድብ አልነበረበትም።

«እምቧ ስላልሽኝ» አለች ኢኒድ።

ከኋላ የሆነ ሰው ሳቅ አምልጦት አፉን በእጁ ከደነ። ኢኒድ ያን ሳቅ ሰማችው። የሰጠችው ምክንያት ከአፏ ወጥቶ በሰው ፊት ሲቆም ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ያን ጊዜ አየች። ቴልማ ምራቋን በኢኒድ ባዶ እግር አጠገብ ተፋች። «ሻማ አድርገሽ አብርተሽኝ፣ ልትቀልጥ ነው ብለሽ እፍ አልሽብኝ» አለች። «ምስጋና እንዳትጠብቂ።»

የእሳቱን መነሻ የሚመረምሩት ሰዎች በመጡ ጊዜ ቴልማ ስለ ኢኒድ ምንም አልተናገረችም። መንደርተኛው ይህን ይቅርታ መሰለው። ወይዘሮ ዴብናምም እንዲያ ገምታ ብታመሰግናት፣ ቴልማ «ይቅርታ ነው ያለሽ ማን ነው? እሷን እኔው ራሴ አሰቃያታለሁ እንጂ ለሰው አሳልፌ አልሰጥም» አለቻት። ኢኒድን ግን መንደሩ በራሱ ፈረደባት። ሱቅ ስትገባ ወሬ ይቆማል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ሲሉ በጆሮዋ ሰምታለች። በመንደሩ ጫፍ ከሄክተር እናት ቤት አንዲት ክፍል ተጠግታ ክረምቱን አሳለፈች፤ ጣራው ቆርቆሮ ነበርና ዝናብ በዘነበ ቁጥር እንቅልፍ አጣች።

በሚቀጥለው በጋ ቤቱ እንደገና ተነሳ። የተመዘገበ ቤት በመሆኑ እንደነበረ ካልሆነ በስተቀር መሥራት አይቻልም፤ የኢኒድም ወገን በረት ይሁን ምን፣ በባሉጥና በእንጨት ችንካር ተሠራ። ሣር ከዳኞቹ ረዥም የስንዴ አገዳ በነዶ በነዶ እያቀበሉ ሲከድኑ ኢኒድ ከመንገዱ ማዶ ቆማ ታያለች። ቴልማም ከወዲህ ቆማ ታያለች። አይነጋገሩም።

አንድ ቀን ኦስለር ወደ ኢኒድ መጣ። «የመሐሉ የጣውላ ግድግዳ ተቃጥሏል። እሱ አሮጌ አይደለም፤ እናንተ ናችሁ ያስገባችሁት። ሕጉ መልሱት አይልም። ባይመለስ አዳራሹና ያንቺ... የእርስዎ ወገን እንደ አንድ ቤት ይታይ ነበር። ደስ ይላል።»

«ይመለስ» አለች ኢኒድ።

ኦስለር ተነፈሰ። «እህትዎም ያንኑ ነው ያሉት።»

«ምን አለች?»

«‹ወፍራም አድርጉት› ነው ያሉት።»

«እሷ ካለችው ይበልጥ ወፍራም ይሁን» አለች ኢኒድ።

ሁለቱም ተመልሰው ገቡ። ግድግዳው ወፈረ፤ እምቧም አልተሰማ። ግን አንድ ነገር ተለወጠ። ኢኒድ በዚያ ቤት ላይ ያየችውን አደጋ ሁሉ፣ ምን ቢከብዳት፣ በዚያችው ሰዓት ሄዳ መናገር ጀመረች። የምትናገረው በደግ አፍ አልነበረም። ያቺ በጢሱና በሻዩ መካከል ያለፈች ሰዓት ዳግም እንዳትመጣባት ብላ ነው፤ ቴልማን ስለወደደች አይደለም። የአጥሩ ማጠፊያ ቢላቀቅ፣ ከክፍክፉ ሥር ወፍ ሣሩን ብትመዝ፣ ጢሱ ጠቆር ቢል፣ በሩን ትደበድባለች። ቴልማም «አልጠየቅኩሽም!» ትላለች። ቀጥሎ ግን ወጥታ ታያለች።

በጋው አልፎ ክረምት ሲገባ፣ አንድ ጠዋት ከክፍክፉ የተንጠባጠበው ውሃ የቴልማን የደጃፍ ድንጋይ በረዶ አልብሶት አደረ። ኢኒድ ደጇ ላይ የተቀመጠላትን ወተት ልታነሳ ወጥታ አየችው። የእህቷን በር በክርኗ መታችው።

«ምንድን ነው?» አለች ቴልማ ከውስጥ።

«ደጃፍሽ በረዶ ሆኗል። ከወጣሽ አንገትሽን ትሰብሪያለሽ፤ እኔ ደግሞ አስከሬን አልጎትትም።»

«ዓይን አለኝ!»

«ዓይንሽን ከሆነ ባለፈው አይተነዋል።»

«ሂጂ ከደጄ፣ አንቺ ክፉ!»

ኢኒድ ወተቷን ይዛ ገባች። በመስኮቷ በኩል ስታይ ቴልማ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ በረዶውን የሚያቀልጥ የጨው ጣሳ በእጇ ይዛ፣ እየተራገመች ድንጋዩ ላይ ስትበትን ነበር።